ሰርተፊኬቱ ከተያዘ በኋላ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ማብቂያ ሲቃረብ ወደዚህ አምድ የሚመጡ ደብዳቤዎች ይበዛሉ። ለዚህ እትም ከሁለት ተማሪዎች፣ ከአንዲት እናት፣ ከአንድ መምህርና ከአንድ ርዕሰ መምህር የደረሱንን መርጠናል። ጠያቂዎቹ ቢለያዩም የሁሉም ጥያቄ ዞሮ ዞሮ አንድ ነው፤ ተማሪው የተማረውን ነገር ማንም ሳያዘውና ሳያስታውሰው ሊሠራበት ይችላል ወይ?

ጥያቄ፦ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ደረጃዬ ከሦስተኛ ወርዶ አያውቅም። ነገር ግን ከእኔ በፊት ጎበዝ የነበሩ ልጆች ዩኒቨርሲቲ ገብተው በመጀመሪያው ዓመት ሲወድቁ አያለሁ። ምን ጎድሏቸው ነው? እኔስ ከአሁኑ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ብዙዎቹ የሚወድቁት ትምህርቱ ከአቅማቸው በላይ ሆኖ አይደለም፤ ሥራውን እየከፋፈለ የሚሰጣቸው ሰው ስለሌለ ነው። በሁለተኛ ደረጃ መምህሩ ምዕራፉን ቆራርጦ ያቀርባል፣ ቶሎ ቶሎ ይፈትናል፣ ደብተር ያያል። ሳታጠኚ ያለፍሽው ሳምንት በሚቀጥለው ሳምንት ፈተና ላይ ይታወቅብሻል። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ግን አንድ ኮርስ በሴሚስተሩ ሁለት ፈተና ብቻ ሊኖረው ይችላል። የመጀመሪያው ውጤት ሲለጠፍ የትምህርቱ ግማሽ አልፏል። ጉድለትሽን የሚነግርሽ ነገር ዘግይቶ ስለሚመጣ ራስሽን የምትፈትሺበት መንገድ ሊኖርሽ ይገባል።

ጊዜውን በቁጥር እንየው። በአውሮፓ የክሬዲት አቆጣጠር የአንድ ዓመት የሙሉ ጊዜ ትምህርት 60 ክሬዲት ሲሆን አንዱ ክሬዲት ከ25 እስከ 30 ሰዓት ሥራ ነው። በዓመት ከ1500 እስከ 1800 ሰዓት ማለት ነው። በሌሎች አገሮችም የተለመደው ልክ ለአንድ ሰዓት ሌክቸር ሁለት ሰዓት የግል ጥናት ነው። በሳምንት 15 ሰዓት ክፍል የምትገቢ ከሆነ ሌላው 30 ሰዓት በእጅሽ ነው፤ የሚቆጣጠርሽ የለም። ጎበዝ የነበሩት ልጆች የሚሸነፉት እዚህ 30 ሰዓት ላይ ነው።

ሁለተኛው ችግር የአጠናን ነው። ደብተር ደጋግሞ ማንበብና ማስመር ለነገ ፈተና ይበቃ ይሆናል፤ ለሁለት ወር ግን አይዘልቅም። ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒኪ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት ተማሪዎችን አጭር ጽሑፍ አስነበቡ። ከዚያ ከፊሎቹ ጽሑፉን በድጋሚ አነበቡ፤ ከፊሎቹ ደግሞ ሳያዩ የሚያስታውሱትን ጻፉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ያነበቡት 81 በመቶ፣ የጻፉት 75 በመቶ አስታወሱ። ከአንድ ሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ ደግመው ያነበቡት 42፣ ሳያዩ የጻፉት 56 በመቶ አስታወሱ። የአምስት ደቂቃው ውጤት ነው ተማሪን የሚያታልለው፤ ገጹ ዓይን ስለለመደው ብቻ የታወቀ ይመስላል።

ስለዚህ ዛሬ ማታ ጀምሪ። መምህሩ ገና ያልደረሰበትን አንድ ክፍል፣ 10 ገጽ ያህል ምረጪና በ40 ደቂቃ አንብቢ። መጽሐፉን ዘግተሽ በባዶ ወረቀት ላይ ለ10 ደቂቃ የምታስታውሺውን ሁሉ ጻፊ። ሲጠፋሽ ወዲያው አትክፈቺ፤ ብዙዎች እዚህ ላይ ነው የሚያበላሹት። 10 ደቂቃው ሲሞላ መጽሐፉን ክፈቺና በሌላ ቀለም የተሳሳትሽውን ለብቻ፣ የረሳሽውን ለብቻ ምልክት አድርጊ። የረሳሽው በድግግሞሽ ይመለሳል። የተሳሳትሽው ግን መምህርሽን ወይም ሌላ መጽሐፍ ይጠይቃል፤ በድግግሞሽ ብቻ ከተውሽው ስህተቱ ይጸናል። ያንኑ ክፍል ከሁለት ቀን በኋላ፣ ቀጥሎ ከሳምንት በኋላ በባዶ ወረቀት ድገሚው።

በሒሳብ በኩል ደግሞ ተማሪዎች በካልኩለስ የሚወድቁት በአብዛኛው በካልኩለሱ አይደለም፤ በ8ኛና በ9ኛ ክፍል ሒሳብ ነው። ሦስት ስህተቶች ደጋግመው ይታያሉ። አንደኛ፣ (3+4)² ሲባል 9+16 አድርጎ 25 ማለት፤ ትክክለኛው 49 ነው። ሁለተኛ፣ √(9+16)ን ነጣጥሎ 3+4 ብሎ 7 መጻፍ፤ ትክክለኛው 5 ነው። ሦስተኛ፣ (6+3)/6 ላይ ከላይና ከታች ያለውን 6 ሰርዞ 3 ማለት፤ ትክክለኛው 1.5 ነው። በቁጥር ሲጻፍ ማንም አይሳሳትም፤ በቁጥሩ ቦታ ፊደል ሲገባ ነው ጎበዙም የሚወድቀው። የድሮ ደብተሮችሽን አውጪና እነዚህን፣ ክፍልፋይንና የአሃድ ቅየራን በሰዓት ተፈተኚ። 20 ጥያቄ በ30 ደቂቃ ሠርተሽ ከሁለት በላይ ከተሳሳትሽ፣ ከአዲሱ ምዕራፍ በፊት እዚያ ላይ መሥራት ያዋጣሻል።

ጥያቄ፦ አባቴ «ሽምደዳ ዋጋ የለውም» ይላል። የኬሚስትሪ መምህራችን ደግሞ 20 ኤለመንቶችን በቃላችሁ ያዙ ይሉናል። ማን ነው ልክ?

መልስ፦ መምህርህ ልክ ናቸው፤ የአባትህም ስጋት መሠረት አለው። የሰው አእምሮ በአንድ ጊዜ ይዞ ሊያሰላስልባቸው የሚችላቸው አዳዲስ ነገሮች ጥቂት ናቸው፤ አራት ገደማ። መሠረታዊውን ነገር በቃልህ ካልያዝከው ጥያቄውን ለመፍታት የሚያስፈልገው ቦታ በፍለጋ ይያዛል። አባትህ የሚፈሩት እዚያው መቆምን ነው። ራስህን እንዲህ ፈትሽ፦ የሶዲየም አቶሚክ ቁጥር 11 መሆኑን ካወቅህ፣ ከክሎሪን ጋር ሲገናኝ ለምን አንድ ኤሌክትሮን እንደሚሰጥ ከቁጥሩ ተነስተህ ማስረዳት ትችላለህ? ከቻልክ ያ እውቀት ነው። ካልቻልክ ሥራው ግማሽ ላይ ነው፤ ቀጥልበት።

ጥያቄ፦ ልጄ 12ኛ ክፍልን ሲጨርስ በቀጥታ ወደ ሥራና ሙያ ሥልጠና መሄድ ይፈልጋል። ጎረቤት «ሰነፍ ስለሆነ ነው» ይለኛል። ትምህርት ቤቱ ለሥራ አዘጋጅቶታል ብዬ ልመን? ካልሆነ እቤት ምን ላግዘው?

መልስ፦ እመቤቴ፣ በቅድሚያ የጎረቤትን ነገር ይተዉት። በስዊዘርላንድ ከሦስት ወጣቶች ሁለቱ ገደማ የግዴታ ትምህርታቸውን ሲጨርሱ የሚገቡት ሙያ ሥልጠና ነው። በጀርመን ሕጋዊ እውቅና ያላቸው ከ300 በላይ የሥልጠና ሙያዎች አሉ። ሥልጠናው ከ2 እስከ 3 ዓመት ተኩል ይፈጃል፤ ሠልጣኙ ብዙውን ጊዜ በሳምንት ሦስት ወይም አራት ቀን በሥራ ቦታ፣ የቀረውን በሙያ ትምህርት ቤት ያሳልፋል። ይህ ሥርዓት የሰነፎች ማረፊያ አይደለም። ጥቅሙም ቀጣሪውና ትምህርት ቤቱ ስለአንድ ልጅ መነጋገራቸው ነው። እንዲህ ያለ ሥርዓት በሌለበት ቦታ ክፍተቱ በልጁና በቤተሰቡ ላይ ይወድቃል።

አዲስ ሠራተኛ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በብዛት የሚቸገረው መመሪያ በመቀበል ነው። ክፍል ውስጥ «አልገባኝም» ማለት ሲያሳፍር ስለኖረ አለቃው ሲያዘው «እሺ» ብሎ ይሄዳል፤ ከዚያ ይገምታል። ልጅዎ አራት ነገር መያዙን ያረጋግጡ፦ ምን ልሥራ? ስንት? እስከ መቼ? ለማን ላሳይ? እቤት ሦስት ደረጃ ያለው ሥራ ሲያዙት ከመነሳቱ በፊት መልሶ እንዲነግርዎ ያድርጉ። በዚህ መንገድ ከተለማመደ በሥራ ቦታ «እንዳልሳሳት ልድገመው» ማለት አይከብደውም።

ቀጥሎ ልኬት። በፈተና ላይ 2.4 ሜትርን ወደ 240 ሴንቲ ሜትር የሚቀይር ልጅ እንጨት ፊት ሲቆም ይደናገራል። ይህን ያሠሩት፦ ከ2.4 ሜትር ጣውላ ሦስት ባለ75 ሴንቲ ሜትር ቁራጭ ቢቆረጥ ስንት ይተርፋል? ትምህርት ቤት የሚሰጠው መልስ 15 ሴንቲ ሜትር ነው። ነገር ግን መጋዙ ራሱ በእያንዳንዱ ቆረጣ 3 ሚሊ ሜትር ይበላል፤ ሦስት ጊዜ ሲቆረጥ 9 ሚሊ ሜትር ሄደ፤ የሚተርፈው 14.1 ነው። 15 ብሎ የቀረውን ለሌላ ሥራ ያሰበ ሰው ጣውላ ያበላሻል። ፐርሰንትም እንደዚሁ ነው፤ 100 የነበረ ዋጋ 20 በመቶ ጨምሮ እንደገና 20 በመቶ ቢቀንስ ወደ 100 አይመለስም፤ 96 ይሆናል። ለምን እንደሆነ በራሱ አፍ ማስረዳት አለበት።

ከሁሉም በላይ አጥብቀን የምንመክረው ግን አጭር የሥራ መልእክት መጻፍን ነው። ትምህርት ቤት ድርሰት ያስጽፋል፤ እንዲህ ያለውን ግን ከስንት አንዴ ነው፦ «ጤና ይስጥልኝ። በማሸጊያ ክፍል አዲሱ ሠልጣኝ ነኝ። ትናንት ከተሰጡኝ 40 ሳጥኖች 31ዱ ታሽገዋል፤ ማሸጊያ ፕላስተር ስላለቀ 9 ቀርተዋል። ፕላስተሩ እስከ 6 ሰዓት ከደረሰኝ እስከ 10 ሰዓት እጨርሳለሁ።» ማን እንደሆነ፣ ምን እንደተሠራ፣ ምን እንደቀረና ለምን፣ ምን እንደሚፈልግ፣ መቼ እንደሚያልቅ በጥቂት መስመር ተነግሯል። ችግሩ የተነገረው ደግሞ ጊዜው ሳያልፍ ነው። አዲስ ሠራተኛ ብዙውን ጊዜ የሚጋጨው በስህተቱ ሳይሆን ስህተቱን ደብቆ በማቆየቱ ነው።

ሥልጠና ከመፈረሙ በፊት አብራችሁ ሂዱና ጠይቁ፦ የሚያሠለጥነው ሰው ማን ነው፤ ሌሎች ስንት ሠልጣኞችንስ ይይዛል? የሙከራ ጊዜው ስንት ነው? ሲጨርስ የሚያገኘውን ወረቀት ሌላ ቀጣሪ ይቀበለዋል? ከዚያ በኋላ ትምህርት ለመቀጠል በር ይከፍታል? የመጨረሻው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ ከአምስት ዓመት በኋላ ሐሳቡን ለሚቀይር ወጣት ግን ዋናው እርሱ ነው። ዕድሜው 18 ካልሞላ አደገኛ ሥራ ላይ እንዳይመደብ ይጠይቁ፤ የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1973 ያወጣው 138ኛው ስምምነት በመርሕ ደረጃ ይህን ይከለክላል። ለመቀጠር አስቀድማችሁ ገንዘብ ክፈሉ የሚል ካጋጠማችሁ ደግሞ ወደዚያ አትመለሱ።

ጥያቄ፦ የሥነ ዜጋ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ የመንግሥት አካላትን ሥልጣንና ተግባር ጠይቄያቸው 90 ያመጣሉ። አንድ የሚያከራክር ጉዳይ ሳነሳ ግን ወይ ዝም ይላሉ ወይ ይጣላሉ። ዜጋ እያፈራሁ ነው ለማለት አልደፈርኩም።

መልስ፦ መምህር፣ የታዘቡት ነገር በጥናትም የተደገፈ ነው። ዓለም አቀፉ የትምህርት ውጤት ምዘና ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2009፣ በ2016 እና በ2022 በብዙ አገሮች በ8ኛ ክፍል አካባቢ ያሉ ተማሪዎችን የዜግነት እውቀት መዝኗል። በክፍላቸው ሐሳብ በነፃነት እንደሚነሳ የተናገሩ ተማሪዎች በእውቀቱም የተሻሉ ሆነው ተገኝተዋል። ይህ አንዱ ሌላውን አመጣ ለማለት ብቻውን አይበቃም፤ ቢያንስ ውይይት ከእውቀት ላይ ይሻማል የሚለውን ፍርሃት ግን አይደግፍም።

ውይይት እንዲሁ «ሐሳባችሁን ስጡ» ሲባል አይመጣም፤ ሥርዓት ይፈልጋል። ዴቪድና ሮጀር ጆንሰን የተባሉት ወንድማማች ተመራማሪዎች ካዳበሩት ዘዴ ለ45 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ የሚሆን እናቅርብልዎ። ተማሪዎችን አራት አራት አድርገው በየቡድኑ ሁለት ጥንድ ይፍጠሩ። ጥያቄው «ትምህርት ቤቱ ስልክን በግቢ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ይከልክል?» ሊሆን ይችላል። 5 ደቂቃ ጥያቄውንና ደንቡን ያስረዱ። 8 ደቂቃ አንዱ ጥንድ «ይከልክል»፣ ሌላው «አይከልክል» የሚለውን ከተሰጠው አንድ ገጽ ጽሑፍ ያዘጋጅ። ከዚያ አንዱ ወገን 3 ደቂቃ ይናገር፤ አድማጩ ወገን ደግሞ በ2 ደቂቃ የሰማውን መልሶ ይንገር፤ ተናጋሪዎቹ «አዎ፣ ያልነው ይህንን ነው» ሳይሉ አይታለፍም። ሌላውም ወገን እንደዚሁ፤ ይህ በድምሩ 10 ደቂቃ ነው። ቀጥሎ ወገን ይቀያየራሉ፤ 4 ደቂቃ ተዘጋጅተው ሁለት ሁለት ደቂቃ ይናገራሉ። 8 ደቂቃ የተመደበላቸውን ወገን ትተው የሚስማሙበትንና የማይስማሙበትን ይለያሉ። በቀረው 6 ደቂቃ እያንዳንዱ ተማሪ በግሉ አቋሙንና ከተቃራኒው ወገን ያሳመነውን አንድ ነጥብ ይጽፋል። የሚታረመው ይህ ጽሑፍ ነው።

የሚበላሽባቸውን ቦታዎች ልብ ይበሉ። ሰዓት ሲያጥር መምህራን በቅድሚያ የሚዘሉት «የሰማኸውን መልሰህ ንገር» የሚለውን ነው፤ እርሱ ከወጣ የሚቀረው ጭቅጭቅ ነው። ሁለተኛው፣ በማስረጃ የሚቋጭ ጥያቄን ለክርክር ማቅረብ ነው። «የሕግ አውጪው መቀመጫ ስንት ነው?» አያከራክርም፤ ምን እናድርግ የሚለው ነው የሚያከራክረው። ሦስተኛው፣ የእርስዎን አቋም መጀመሪያ ላይ መናገር ነው፤ ውጤት የሚሰጠው ሰው ሐሳብ ከታወቀ በኋላ ተማሪው የሚፈልገው ያንኑ ነው። የተማሪን እምነት ወይም የቤተሰብ ክብር የሚነካ ጉዳይ ደግሞ ወገን እያቀያየሩ አያከራክሩበት፤ ልጅን ማንነቱን እንዲቃወም ማስገደድ ይሆናል።

መረጃ ማጣራትም የዜግነት ሥራ ነው። ሳም ዋይንበርግና ሣራ ማክግሩ 10 የታሪክ ምሁራንን፣ 10 ባለሙያ መረጃ አጣሪዎችንና 25 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ድረ ገጾች አሳይተው የቱ እንደሚታመን ጠይቀዋል። ምሁራኑና ተማሪዎቹ እዚያው ገጽ ላይ ቆይተው መልኩን፣ አርማውን፣ አጻጻፉን ሲመረምሩ ብዙ ጊዜ ተታልለዋል። አጣሪዎቹ ግን ገጹን ቶሎ ትተው በሌላ መስኮት ስለባለቤቱ ሌሎች ምን እንደሚሉ ፈለጉ፤ በአጭር ጊዜም የተሻለ ፍርድ ሰጡ። ተማሪዎችዎም እንዲህ ይለማመዱ፤ ይህን ያለው ማን ነው፣ በምን ማስረጃ፣ ሌሎችስ ምን ይላሉ ብለው ከገጹ ውጪ ይጠይቁ።

አንድ ሥራ እንጨምርልዎ። በዓመት አንድ ጊዜ ተማሪው ለአንድ የሕዝብ መሥሪያ ቤት እውነተኛ ደብዳቤ ይጻፍ፦ አንድ ገጽ፣ ችግሩ ከነቦታውና ከነቀኑ፣ አንድ ማስረጃ፣ አንድ ግልጽ ጥያቄ። በብዛት የሚታየው ጉድለት ደብዳቤው ጉዳዩ ለማይመለከተው አካል መጻፉ ነው። ያኔ ነው 90 ያስገኘለት የሥልጣንና ተግባር ትምህርት ለምን እንደሚጠቅም የሚገባው። በኦስትሪያ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ወጣቶች በ16 ዓመታቸው ይመርጣሉ፤ እዚያ ብዙ ተማሪ የመጀመሪያ ድምፁን የሚሰጠው ገና ትምህርት ቤት እያለ ነው።

ጥያቄ፦ ርዕሰ መምህር ነኝ። ትምህርት ቤታችን በማጠቃለያ ፈተና ጥሩ ያሳልፋል። ተመራቂዎቻችን በእርግጥ የተዘጋጁ መሆናቸውን የማውቀው በምንድን ነው?

መልስ፦ የማለፊያ መጠን ተማሪው ያን ቀን የተጠየቀውን መመለሱን ይነግርዎታል፤ በኋላ የሆነውን አይነግርዎትም። አለፍ ብሎ ለማየት ተመራቂዎችን መከታተል ያስፈልጋል፤ ብዙ ገንዘብም አይጠይቅም። ሰርተፊኬት በሚሰጥበት ቀን ከእያንዳንዱ ተማሪ ፈቃዱን ጠይቃችሁ ሁለት ስልክ ቁጥር ያዙ፤ የራሱንና የማይቀየር የቤተሰብ። ወጣቶች ቁጥር ስለሚቀይሩ ባንድ ቁጥር የጀመረ ክትትል ይከሽፋል። ከ6 ወርና ከ18 ወር በኋላ ደውሉ። ጥያቄዎቹ ከአምስት አይብለጡ፦ አሁን ምን ትሠራለህ? በየትኛው ትምህርት ወይም ሥራ ተቸገርክ? እዚህ ከተማርከው የጠቀመህ ምንድን ነው? ያልተማርከውና ያስፈለገህስ? ባለፉት ስድስት ወራት በማንኛውም ስብሰባ፣ ማኅበር ወይም ምርጫ ተሳትፈሃል? የሚደውለው ቀድሞ ያስተማረው መምህር ባይሆን ይመረጣል፤ ለቀድሞ መምህሩ ማንም «አልጠቀመኝም» አይልም።

ሒሳቡ ላይ ይጠንቀቁ። 120 ተመራቂ ነበራችሁ እንበል፤ 70 ስልኩን አነሱ፤ ከእነርሱ 56ቱ እየተማሩ ወይም እየሠሩ ነው። 56ን ለ70 አካፍሎ «80 በመቶ» ብሎ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ያጓጓል። ያልተገኙት 50ዎቹ ሁሉም ቦታ አጥተው ከሆነ ግን እውነተኛው ቁጥር 46.7 በመቶ ነው፤ ሁሉም ቦታ ካገኙ ደግሞ 88.3። ያልተሳካለት ሰው ስልክ ያለማንሳቱ ዕድል ከፍ ያለ ስለሆነ እውነቱ ከ80 በታች ሊሆን ይችላል። ሦስቱንም ቁጥር አብራችሁ ጻፉ፤ ከዚያም ካልተገኙት 10 ሰው በዕጣ መርጣችሁ በቤተሰብና በጓደኛ በኩል አጥብቃችሁ ፈልጉ።

ከሌላ ትምህርት ቤት ጋር በጥሬ ቁጥር መወዳደር ግን አይበጅም። ጎበዞችን መርጦ የሚቀበል ትምህርት ቤት ያስገባውን መልሶ ያስወጣል። ፒሳ የሚባለው ዓለም አቀፍ ምዘና እንኳ፣ እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ 15 ዓመት የሞላቸውን ተማሪዎች ሲለካ፣ የቤተሰብን የኑሮ ሁኔታ አብሮ የሚጠይቀው ለዚህ ነው። እናንተም ተማሪው 9ኛ ክፍል ሲገባ የነበረውን ውጤት ከመዝገብ አውጥታችሁ ከኋለኛው ጋር አስተያዩ፤ የትምህርት ቤቱ ድርሻ የሚታየው በዚያ ልዩነት ነው። የተሰበሰበው መልስ በርዕሰ መምህሩ መሳቢያ እንዳይቀር ደግሞ የዓመቱ ዕቅድ ከመጽደቁ በፊት ለእያንዳንዱ የትምህርት ክፍል ተመራቂዎቹ የተናገሯቸውን ሁለት ጉድለቶች ስጡና የትኛውን በየትኛው ወር እንደሚያስተካክል አስጽፉት።